ገጽ አሥራ ሁለት

«እኔ እንኳ አላምንም» ትላለች አክስቴ ረሺዳ፣ «ሰው ግን ሲጋራ ሲያጨስ ነበር ይላል።»

ይህን ነገር ዓመቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። በቀብሩ ማግስት ሰማሁት፤ በአርባው ሰማሁት፤ ባለፈው ማክሰኞ ሙት ዓመቱን ስናወጣ የሩዙን ድስት እያማሰለች ስትለው ሰማሁት። ሁልጊዜ በ«አላምንም» ትጀምራለች፤ ያለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቃት «ኧረ ስንቱን ልንገርሽ» ትለኛለች። የምታወራበት ሟች የገዛ ወንድሟ ነው። አባቴ በረመዳን ሦስተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ጾሙን እንደያዘ በጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ የቀለም መቀመሚያ ክፍል ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ። ከኪሱ ክብሪት ተገኘ ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለውን የከተማችን የፋይሳላባድ ሰው ራሱ ጨረሰው፤ ጾሙን ሊሰርቅ ተደብቆ ሲጋራ ለኮሰ፣ የቀለሙ ጋዝ ተያያዘ፣ አላህም እዚያው ቀጣው። ክብሪቱ የተገኘው ከክፍሉ ውጭ ምስማር ላይ ከተሰቀለው ሸሚዙ ኪስ እንደሆነ፣ ፓኮው ገና እንዳልተከፈተ፣ ጠዋት ሲወጣ «የምድጃው ክብሪት አልቋል፤ ስትመለስ ያዝልኝ» ያለችው እናቴ እንደሆነች የሚያወራ የለም። እናቴም አታወራውም። አንድ ጊዜ ለእኔ ነገረችኝ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ክብሪት ትንፍሽ አላለችም፤ ምድጃውንም የምለኩሰው እኔ ነኝ።

ዛሬም፣ የረመዳን ዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ አክስቴ የገመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ይኼንኑ ስትል እናቴና እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብለን የወረቀት ከረጢት እንለጥፍ ነበር። ክፍላችን አንድ ናት፤ ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የወረቀቱ። ቆራሌው ያረጀ ወረቀት በጆንያ ያመጣልናል፤ ኪሎውን በሰባ ሩፒ እንገዛዋለን፤ በዱቄት ሙጫ ለጥፈን ከረጢት አድርገን ለጠባሽና ለለውዝ ሻጭ በመቶ አርባ እንሸጠዋለን። የተማሪ ፈተና ይመጣል፣ የሆስፒታል ካርድ ይመጣል፣ የባንክ ደብዳቤ ይመጣል። የእኔ ትምህርት ቤት ይኼ ጆንያ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ካስወጡኝ ጀምሮ ያነበብኩት ሁሉ ሄዶ ሄዶ ምስር መጠቅለያ ሆኗል። እናቴ ወረቀቱን ሳታይ በአራት ንክኪ ታጥፈዋለች፤ እኔ አንብቤ ነው የማጥፈው። «በአንቺ አነባበብ በረሃብ እናልቃለን» ትላለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግን ለቆራሌው በኪሎ አምስት ሩፒ ጨምሬ ከፍርድ ቤት አካባቢ የሚወጣውን ወረቀት ለይቶ እንዲያመጣልኝ አደረግሁ። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ አንድም ቀን አልተናገረችኝም።

የሕግ እንግሊዝኛ የተማርኩት እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ቃል ከአንድ ሰው ጉዳት ጋር ነው የማስታውሰው። የጥንቃቄ ግዴታ የሚለውን ያስተማረኝ ክዳን በሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እግሩ የተሰበረ መምህር ነው። ተጠያቂነት የሚለውን የተማርኩት የጎረቤት ግንብ ከተደረመሰባት ሴት ነው። ካሣ የሚለውን ደግሞ በውሻ ከተነከሰ ፖስተኛ። ቸልተኝነት ማለት፣ ይላል አንዱ ዳኛ፣ ጠንቃቃ ሰው በዚያ ቦታ የሚያደርገውን ሳያደርጉ መቅረት ነው። ይህችን በቃሌ ይዣታለሁ፤ በሙጫ በደነደነ ጣቴ ግድግዳው ላይ ጽፌያታለሁ። አንድ ቀን ደግሞ መብራት በሌለው ብስክሌት ሲሄድ በጭነት መኪና የተገጨ ሰው ፍርድ ደረሰኝ፤ የመኪናው ባለቤት «የተጎጂው የራሱ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ይከራከራል። ይህን ሳነብ አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት። ለካ ወሬዋ በእንግሊዝኛ ስም አለው።

የቀለሙ ክፍል በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር። በረመዳን ሠራተኛው እየሾለከ መስጊዱ ጥላ ሥር ይተኛል ተብሎ ነው የተጀመረው። የማራገቢያው ሽቦ ከተላጠ ወር አልፎት ነበር። ይህን የነገረን ሰው ስሜን አታንሱ ብሎናል። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የፋብሪካው ባለቤት የሐጂው ጓጉንቸር በዳኛ ብዕር ይጻፍ፣ የአባቴ ስም ከሲጋራው ጭስ ይውጣ። ዘመዶቼ ጠበቃ እንያዝ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እናቴን በጣት አሻራ የሚያስፈርም፣ ምን እንደጻፈ የማይነግር ጠበቃ አልፈልግም፤ ክሱን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ አልኩ። «ተይ እንጂ ሙኒባ፣ አንቺ ማን ነሽና?» ሲሉኝ «እስክማር ጠብቁኝ» አልኩ። እናቴ ጠበቀችኝ።

ትናንት ከሰዓት ከአንድ ጥራዝ ውስጥ የአንዲት መበለት ፍርድ አገኘሁ፤ ባሏ ግንበኛ ሆኖ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሞቷል። ከገጽ አንድ እስከ አሥራ አንድ ሙሉ ነው፤ የእኛን ነገር ቁጭ ብሎ የጻፈው ይመስላል። ገጽ አሥራ አንድ ግርጌ ስደርስ ክው አልኩ። «ስለ ሰው ሞት የሚቀርብ ክስ ሟቹ ከሞተበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ዓመት ሲባልም» ይላል፤ ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። አሥራ ሁለትን ፈለግሁ።

«እማ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታለ?»

«ለጥፌዋለኋ! ጠባሹ ቻቻ ሺፋአት ለፓኮራው መጠቅለያ ወስዶታል። ምነው፣ ወርቅ ነበረበት?»

ገጹን ፍለጋ አልሄድኩም። ዳኞች የተናገሩትን ደግመው ካላብራሩ አይሆንላቸውም፤ የሚያስፈልገኝን አንብቤያለሁ። አንድ ዓመት። ሙት ዓመቱን ካወጣን ስድስተኛ ቀናችን ነው። ሙጫው በእጄ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቁጭ አልኩ። ጠዋት የአባቴ ታላቅ ወንድም ኢናያት እንደ ወትሮው ሲመጣ «እንፈርማለን» አልኩት። አጎቴ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ፎርማን ነው፤ የሐጂውን የስምምነት ወረቀት ይዞ አራት ወር ተመላልሷል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ በማን ኪስ ይውል እንደነበር በቤታችን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

እናቴ እጇን ታጥባ ጥቁሩን አባያ ለበሰች። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለች። አክስቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ልብ ገዛሽ» አለችና ወዲያው «መቼም ከወረቀቱ ላይ ሲጋራውን አይጽፉትም አይደል? እኔ እንኳ አላምንም…» ስትል በሩን ዘግቼባት ወጣሁ።

በባጃጁ ውስጥ ሦስታችን ተጣብቀን ተቀመጥን። አጎቴ ከከተማው የሰዓት ግንብ እስከ ፍርድ ቤቱ አጥር ድረስ የሹፌሩን ማጅራት ሲያይ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ቴምር ኪሎው ስድስት መቶ ገብቷል አሉ።» «ሰባት መቶ» አለች እናቴ። ድሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አባቴን ለማብሸቅ ይተባበሩ ነበር፤ «ወንድምህ የእኔን ወጥ ነው የሚወደው» ትለው ነበር እናቴ፤ አጎቴም «የእኔ ሚስት ወጥ ሳይሆን መርዝ ነው የምትሠራው» ይል ነበር። አሁን የቴምር ዋጋ ነው የቀራቸው።

የሐጂው ጠበቃ ቱፋይል ሳሂብ ቢሮ ከጣፋጭ መሸጫ በላይ ነው፤ በረመዳን እንኳ የቅቤው ሽታ ደረጃውን ተከትሎ ይወጣል። ጠረጴዛው በመስተዋት ተሸፍኗል፤ ከጀርባው የማዳበሪያ ድርጅት የሰጠው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ የቴምብር ወረቀት ይደረድራል። ጠበቃው ለእናቴ ወንበር ሳበላት፣ ለእኔ ወረቀቱን ሳይሆን እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ወረቀቱን ሳብኩና ማንበብ ጀመርኩ። ሽማግሌው ቀና አለ። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩን ፊደል በፊደል አረጋገጥኩ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። አደጋው የደረሰው በሟቹ በራሱ ቸልተኝነት ነው፤ ወራሾቹም ከእንግዲህ በየትኛውም ፍርድ ቤት ምንም ላይጠይቁ ፈቅደው ትተዋል፣ ይላል።

«ይኼ ይውጣ» አልኩ።

«የቱ?»

«ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አልኩት። ይህን ቃል ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከሰው አፍ ሰምቼው ግን አላውቅም፤ ያነበብኩት እንደ አጻጻፉ ነው። ሽማግሌው ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ያዘ። ጠበቃው አልያዘም።

«እንዴት አልሽው? ድገሚልኝ እስቲ! ቢቢ፣ የት ኮሌጅ ነው የተማርሽው?»

«ከፓኮራ መጠቅለያ» አልኩት። «ትርጉሙን ግን ልንገርዎት፤ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ሳያደርጉ መቅረት ነው። ጠንቃቃ ሰው ጋዝ ያለበት ክፍል ውስጥ የተላጠ ሽቦ አይተውም። ጠንቃቃ ሰው ሰው አስገብቶ ከውጭ ጓጉንቸር አይቆልፍም። ክብሪቱ የተገኘው ከውጭ ከተሰቀለው ሸሚዝ ነው፤ ፓኮው አልተከፈተም።»

«ፎርማን ሳሂብ፣ ጓጉንቸር ነበረ እንዴ?» አለ ጠበቃው፣ ፈገግታው ሳይጠፋ።

አጎቴ የጫማውን ጫፍ አየ። «እኔ በዚያ ሰዓት ሶላት ላይ ነበርኩ» አለ። እናቴ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ ፊቱን አየችው። ብዙ አላየችውም።

«ይህን ሁሉ ካወቅሽ» አለኝ ጠበቃው፣ «ለምን አትከሺም? ዳኛው ፊት ቁሚና እንዲህ አድርገሽ ጥሪለት ቃሉን፤ ችሎቱ በሳቅ ይፈርሳል።»

ዝም ማለት እችል ነበር፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልተማርኩም። «ገጿን ሳምንት ቀድሜ አግኝቻት ቢሆን ኖሮ የእርስዎን ደረጃ አልወጣም ነበር» አልኩት። «የክሱ ጊዜ አንድ ዓመት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማላውቅ እንዳይመስልዎት። ሙት ዓመቱን ባለፈው ማክሰኞ አውጥተናል። እሱ ነው እዚህ ያመጣኝ እንጂ የእርስዎ እንግሊዝኛ አይደለም።»

ጠበቃው መሳቁን አቆመ። ወረቀቱን አየ፤ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ሽማግሌው ጸሐፊ አንድ ነገር ሊል ሲከጅል «አንተ፣ ቴምብሩን ጨርስ» አለው።

«በደንብ ተምረሻል፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ። ለማንኛዋም ሴት ከሚባለው «ቢቢ» ወደ «ልጄ» የተሻገርኩት በዚያች ቅጽበት ነው። «እንግዲያው አውቀሽ ነው የመጣሽው። እኔም አላስቸግርሽም።» ብዕሩን አንስቶ «በሟቹ በራሱ ቸልተኝነት» የሚለውን በገዛ እጁ ሰረዘው፤ ከላዩ አጭር ነገር ጽፎ ወደ እኔ አዞረው። አንደበቴ ያሸነፈው መስሎኝ ነበር፤ ደረቴ ሞቅ ብሎኝ ነው የወሰድኩት። የአምላክ ሥራ፣ ይላል።

ይህንንም አውቀዋለሁ፤ ጎርፍ ድልድይ ከወሰደበት ሰው ነው የተማርኩት። ማንም አይጠየቅም ማለት ነው።

«ጎርፍ የአምላክ ነው» አልኩ፣ «ጓጉንቸር ግን የሐጂ ነው።»

«ወይ ይኼ፣ ወይ የድሮው። ከዚህ የተሻለ ዛሬ በዚህ ከተማ የሚሰጥሽ የለም።»

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«የአላህ ሥራ ነው ይላል፣ እማ።»

«እሱማ ያልሆነ ምን አለ» አለችና አውራ ጣቷን ወደ ማኅተሙ ቀለም ዘረጋች። ከዚያ ግን አየር ላይ ቆመች። «ጥፋቱ የእሱ ነው የሚለው የለም አይደል? አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

አተመች። እኔም ሙሉ ስሜን፣ በእንግሊዝኛ፣ ባማረ ጽሑፍ ፈረምኩ። አጎቴ በምስክርነት ፈረመ። ጠበቃው ቀኑን ጽፎ ማኅተም አሳርፎ ግልባጩን ሰጠኝ፤ ተነሥቶም እስከ በሩ ሸኘን። የሐጂው ጠበቃ ከረጢት ለጣፊ ሲሸኝ አይቼ አላውቅም፤ እንደሚገባኝ ቆጥሬ ወረድኩ።

አጎቴ ወደ ፋብሪካው ሄደ፤ ሐጂው የላከውን የገንዘብ ፖስታ ለእናቴ ሰጥቷት ነው የሄደው፤ ሳታየው ወደ አባያዋ ኪስ ከተተችው። በእግራችን ተመለስን። መንገድ ላይ ውኃ ቧንቧ አግኝታ ፊቷን ስትታጠብ አየኋት፤ አውራ ጣቷን ግን ከውኃው አራቀችው።

«ሲጋራ አላጨሰም ተብሎ ተጻፈ ማለት ነው?»

«ስለ ሲጋራ ምንም አልተጻፈም።»

«ይኸው ነው የፈለግሁት» አለች። ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ «ክብሪቱን ስትነግሪያቸው ሰማሁሽ። ግዛ ያልኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርሻቸውም።»

«አያስፈልግም ነበር፣ እማ።»

«ሄደህ ግዛ አላልኩትም እኮ። ስትመለስ ነው ያልኩት» አለች። ሕግ ለዚህ ቃል አበጅቶለት እንደሆነ አላውቅም፤ እስካሁን ካነበብኩት ውስጥ የለም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል አክስቴ ምንጣፉን አነጠፈች። ቴምሩ ስድስት ፍሬ ነው፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት። ቻቻ ሺፋአት የወረቀቱን መፈረም ሰምቶ ኖሮ ትኩስ ፓኮራ ለሶደቃ ልኮልናል፤ ድንቹና ሽንኩርቱ በሽምብራ ሊጥ ተጠብሶ ይንቻቻል። አዛን እስኪል ሦስታችን እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። የአባቴ ቦታ በበሩ በኩል ነበር፤ እዚያ የወረቀት ጆንያ ቆሟል።

«እና ምን አሉ?» አለች አክስቴ። «ስለ ሲጋራው?»

«የለም» አለች እናቴ። «በወረቀት የለም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህም ቤት የለም፣ ረሺዳ።» እናቴ አክስቴን በስሟ ስትጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ «እህት» ነበር የምትላት። አዛኑ አለ። ቴምሩን አነሣን።

አክስቴ እጇ ሥራ ሲያጣ የፓኮራውን ከረጢት ሳህን ላይ ገለበጠችው፤ ባዶውን ወደ እኔ ወረወረችው። የእናቴ አስተጣጠፍ ነው፤ በአራት ንክኪ። ዘይቱ ጠጥቶት ወረቀቱ እንደ መስተዋት ሆኗል፤ ጥግ ላይ ቁጥር አየሁ፤ 12። ሙጫውን በጥፍሬ አላቅቄ ዘረጋሁት። ገጽ አሥራ አንድ «ዓመት ሲባልም» ብሎ ነበር ያቆመው። አሥራ ሁለት ይቀጥላል፤ «በእንግሊዝ ቀን መቁጠሪያ የሚቆጠር ዓመት ነው እንጂ ቤተሰቡ ሙት ዓመት የሚያወጣበት የጨረቃ ዓመት አይደለም። የጨረቃው ዓመት በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ያጥራል። ስለዚህ ይህች መበለት ከሙት ዓመቱ በኋላ ብትመጣም የመጣችው በጊዜዋ ነው፤ ክሷ ይሰማ።»

«ብይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለች እናቴ።

ከደረቴ ግልባጩን አወጣሁና በዘይት እጄ ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። የጠበቃው ጽሑፍ ግልጽ ነው። ከላይ፣ ከአባቴ ስም አጠገብ፣ የሞተበት ቀን፤ ያለፈው ዓመት ማርች 14። ከታች፣ ከእናቴ ሰማያዊ አሻራ ጎን፣ የተፈረመበት ቀን፤ የዘንድሮ ማርች 10።